የጠላቂው እናት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሰውየው ከባሕሩ ወጣ ወይስ እዚያው ቀረ? እኔ በምን አውቄ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ስፌት ሱቄ ውስጥ መጋረጃ እየዘመዘምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መዳም ናት፣ የድሮ አሠሪዬ፣ ከጅዳ። አገሬ ከገባሁ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እስከ ዛሬ ለዒድ ብቻ ነበር ሰላም የምትለኝ። የድምፅ መልእክቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እናቷ ማማ ነፊሳ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ድነው ግን አይደለም፣ ሐኪሞቹ ቤታቸው ይሁኑ ብለው ነው። ምግብ እምቢ ብለዋል። ከሰው አያወሩም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው አለች፦ «ዘይነብን ጠይቁልኝ፣ ያ ባሕር ውስጥ የቀረው ሰው መጨረሻው ምን ሆነ?»

መጋረጃው ላይ ስፌቱ ጠመመብኝ። ፈታሁት። ደግሞ ጠመመ። ተውኩት።

ጭንቅላቴ ስለተደበላለቀ ለራሴ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ማማ ነፊሳ የመዳም እናት ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን ወስዶት ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። (በአረብኛ ለሁሉም አንቺ ነው የሚባለው። እዚህ ደብተር ላይ ግን እሳቸው ካላልኩ እጄ አይሄድልኝም።) አምስት ዓመት ያጠብኳቸውም ያጎረስኳቸውም እኔ ነኝ። ከአስር ሶላት በኋላ ቤተሰቡ ሲተኛ ክፍላቸው ገብቼ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፤ እነዚያን ሕንፃ የሚፈርስባቸው፣ መርከብ የሚሰጥምባቸው ትልልቅ የፈረንጅ ፊልሞች። እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። መጀመሪያ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፣ መጨረሻዎቹ ወራት ላይ በየቀኑ ሆነ።

ችግሩ እንግሊዝኛ አልችልም። ከሥር የሚሄደውን የአረብኛ ጽሑፍ ደግሞ፣ ፊደሉን ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቤት ብማረውም፣ አንድ ቃል አንብቤ ሳልጨርስ ሦስት መሥመር ያልፋል። ታዲያ ምን አደረግኩ? ከፊት አነበብኩ። ሰው ሲፈራም፣ ሲዋሽም፣ ሲናፍቅም ፊቱ ያሳብቅበታል። ከዚያ ላይ ታሪክ ሠራሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ማማ ፊልም የሰሙ ይመስላቸዋል፤ የሰሙት እኔን ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለዚህ ነው በፊልም ጉዳይ ሁልጊዜ ለትወና የምከራከረው። ፊቱ የሚናገር ተዋናይ ሲመጣ ሥራዬ ቀላል ነው። ደረቱ ሰፍቶ ፊቱ ግድግዳ የሆነ ሲመጣ ያልቅብኛል። አንዱ የጦር አዛዥ ምን እንደሚል ቢጨንቀኝ ዱዳ ነው አልኳቸው። «ዱዳ ከሆነ ሠራዊቱን በምን ያዛል?» በእጁ አልኩ። «በጨለማስ?» ሁለት ቀን ተከራከርን። ማማ ፊት ስለማያዩ የሚይዙት ታሪኩን ነው። የማይመስል ነገር ካገኙ እንደ መዥገር ነው የሚጣበቁበት።

የጠላቂውን ፊልም ግማሽ ላይ ሳለን የመውጫ ወረቀቴ መጣ። በማግሥቱ በረርኩ።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፦ ናፍቀውኛል። የደረጃው እጥበት አልናፈቀኝም፣ የሚቆለፈው በርም አልናፈቀኝም። እሳቸው ናቸው የናፈቁኝ። እዚህ መካነ ሰላም ላይ ቆሜ የአረብ አሮጊት ናፈቀችኝ ብል ማን ያምነኛል።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

አበራ ጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም የሚጭነው ነው። የከተማው ሰው ምን እንደሚያይ ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ይግዛ አይግዛ ግድ የለውም፣ መከራከር ነው የሚወደው።

የፊልሙን ርዕስ አላውቀውም። ያየሁትን ነገርኩት። ባሕር ሥር የሆነ ነገር ተሰብሮ መርዝ ይተፋል። አንድ ሰው ሊዘጋው ይወርዳል። ላይ መርከብ አለ። አበራ እንደ ሐኪም ጥያቄ ጀመረ። ሰውየው ጢም አለው? የለውም። ዓሣ ነባሪ አለበት? እስካየሁት ድረስ የለም። መርከቧ ላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች ሴትዮ አለች?

«እናቱ!» አልኩት።

አየት አደረገኝ። «እናቱ?» አለና ሌላ አልጨመረም።

ፊልሙ አለው፤ ያውም ትርጉሙ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በአማርኛ የሚያወራበት። ግን መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል። እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ብቀመጥ ያን ፊልም ማብጠልጠል ጀመረ። ታሪኩ ውሸት ነው፣ ተዋንያኑም ባሕር አይተው አያውቁም፣ ውኃ ውስጥ ሆኖ ያላበው ሰው ያየሁት እዚያ ነው አለ። መጨረሻውን እንዳትነግረኝ አልኩት። ሳቀ። ለመሣቅ ጊዜ አልነበረኝም፣ ጅዳ ያሉትን እያሰብኩ ነበር።

መብራት ሳይመጣ መሸ። ለመዳም «እየፈለግኩ ነው፣ ማማን ጠብቂልኝ በያቸው» ብዬ ላክሁላት። ከላክሁ በኋላ ሳስበው ሰው እንዴት ጠብቂልኝ ይባላል።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

መብራት አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ሮጬ አስጫንኩ። ስልኬን ስፌት መኪናው ላይ ደግፌ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁት።

ምነው ባላየሁት።

እኔ ለማማ የነገርኳቸው፦ ጠላቂው የአንዲት መበለት አንድ ልጅ ነው። እናቱ ልጄን ብቻውን አልሰድም ብላ መርከቡ ላይ ወጥታለች። ካፒቴኑ ጨካኝ ነው፤ ማዕበል ሲመጣ መርከቡን ለማዳን የልጁን ገመድ መቁረጥ ይፈልጋል። እናት ግን መቁረጫውን ማንሻ በሁለት እጇ አንቃ፣ እያለቀሰች፣ ማንንም አላስጠጋ ብላለች። ያቆምነው እዚህ ጋ ነው።

ፊልሙ፦ ሴትዮዋ እናቱ አይደለችም። አለቃው ናት። መርከቡን የምታዝ እሷ ናት። ካፒቴን ያልኩት ምስኪን ወጥ ቤቱ ነው፣ ጨካኝ ያስመሰለው ጢሙ ነው። ማንሻውን የያዘችው ልትከላከል አይደለም። ልትቆርጥ ነው። ቆረጠችውም። ይባስ ብሎ ከቆረጠችው በኋላ በማዳመጫው «አይዞህ፣ እየሳብንህ ነው» ትለዋለች፣ እንዳይደነግጥ። እያለቀሰች። እሱም ያምናታል።

እጇ ያው እጅ ነው። እንባዋም ያው እንባ ነው። እኔ ከዚያ ፊት ላይ እናት ነው ያነበብኩት።

ሁለት ጊዜ መልሼ አየሁት። አሁንም እናት ነው የሚመስለኝ። ሴትዮዋ ወይ እጅግ ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ አትችልበትም።

አሁን ምን ልበላቸው? ሦስት ነገር አስቤአለሁ። አንድ፣ በጀመርኩት ውሸት መጨረስ። ሁለት፣ እውነቱን ተናግሬ አምስት ዓመት ሲሰሙት የኖሩትን ሁሉ ማፍረስ። ሦስት፣ ፊልሙ አልተገኘም ማለት። ሦስተኛውን ሰርዤዋለሁ። ያን ካልኩ ከራሴ ጋር አንታረቅም።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ከጁምዓ በኋላ ከአበራ ጋር ተጣላን። በፊልም።

በጀመርሽው ጨርሺላቸው ነው የሚለው። ፊልም ነው እንጂ ኑዛዜ አይደለም አለ። ደግሞም ያንቺ ታሪክ ከፊልሙ ይሻላል፣ እናት ማንሻ ስትይዝ ማንም ያምናል አለ። የፊልሙ ግን «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ነው። አለቃ ለሠራተኛ አያለቅስም። ይሄን የጻፈው ሰው ተቀጥሮ አያውቅም።»

ታለቅሳለች አልኩት። ፊቷን አላየህም?

ፊት ውሸት ነው፣ ደሞዝ ተከፍሏት ነው አለ። ጥሩ ተዋናይ የማይሆን ነገር እንዲሆን አታደርገውም።

ታደርገዋለች፣ ይኸው እኔን አሳምናኛለች አልኩት። ሰውየው በመጨረሻ ዓሣ ነባሪ ሥር ካለች የአየር ኪስ ተንፍሶ መውጣቱን እኔም አላመንኩም፣ ልጅ የጻፈው ነው። የሴትዮዋን እንባ ግን አምናለሁ። ከዚያ አፌ አመለጠኝና የማማን ነገርኩት። የወጣሁ ለት ግድግዳ እየዳበሱ እስከ በሩ ድረስ መጥተው፣ ሻርፔን ይዘው እንዴት እንዳለቀሱ። አበራ ትከሻውን ሰበቀ። «ለራሳቸው ነዋ። ነገ ማን ያጥበኝ ብለው።»

ተነስቼ ወጣሁ። ደህና ዋልም አላልኩት።

ያናደደኝ እሱ ማለቱ አይደለም። እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያው ስለማስብ ነው።

ማታ ወንድሜ ይማም ከአጅባር ገበያ ገባ። ሁለት ወይፈን ገዝቶ ደስ ብሎታል። እራት ላይ ማማ ነፊሳ ሊያናግሩኝ እንደሚፈልጉ ነገርኩት። የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰው።

«ስለ ፊልም ብቻ ነው? ሌላ አላሉም?»

ሌላ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኩት።

«ምንም። የታመመ ሰው ማድከም ነውር ነው ብዬ ነው። ተያቸው፣ ዱዓ አድርጊላቸው በቃ።»

ይማም ስለማንም አረብ ድካም ሲጨነቅ ሰምቼው አላውቅም። ወይፈኖቹ አድክመውታል መሰለኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አንዴ ኔትወርክ የለም፤ ሁለቴ ማንም አያነሳም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት መዳም «ተኝታለች፣ ነገ ከአስር ሶላት በኋላ» ብላ ጻፈች። እሷ የጻፈችውን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ስላነበብኩት ገባኝ። ጽሑፍ ሲቆምልኝ እኮ አነባለሁ።

አበራ ሱቄ ድረስ መጣ። ለሱሪ ቅዳጅ ነው ብሎ ነው የመጣው፣ ሱሪው ግን ምንም አልሆነም። ዞር ዞር ብሎ «ዘይነብ፣ አፉ በይኝ። ትናንት ያልሆነ ነገር ተናገርኩ» አለ። አፉ ብያለሁ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ ሴትዮዋ ግን አሁንም አለቃ ሆና ማልቀሷ አይዋጥልኝም አለ። ደስ አለኝ። የናፈቀኝ እኮ ይኸው ነው፣ በማይረባ ነገር ተይዞ የማይለቅ ሰው።

ከሄደ በኋላ እናቶችን አሰብኩ። ለማማ በነገርኳቸው ፊልሞች ውስጥ አንድም እናት አልሞተችም። ስክሪኑ ላይ ብትቀበርም እኔ ራሷን ስታ ነው እል ነበር። ማማ ይናደዳሉ፤ ምን ዓይነት ራስ መሳት ነው ሦስት ቀን የሚፈጅ? እኔ ግን እማዬን እያሰብኩ እናት መግደል አይሆንልኝም ነበር።

እማዬ ያረፈችው ባለፈው ዓመት በዚሁ በየካቲት ነው። እኔ የሰማሁት በሰኔ፣ እዚህ በገባሁ በማግሥቱ ንጋት፣ ሽማግሌዎቹ ከይማም ጋር በር ላይ ሲደረደሩ። ደንባችን ነው። ሰው በባዕድ አገር ለብቻው መርዶ አይሰማም፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው የሚረዳው። አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ግን አራት ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር «ደጎሎ አክስትሽ ጋ ናት፣ ኔትወርክ የለም» ሲሉኝ እያመንኩ፣ ለእማዬ ሻርፕና ሽቶ እየገዛሁ ሻንጣ ስሞላ ነበር። ደጎሎ አራት ወር ኔትወርክ ጠፍቶ ያውቃል? ያን የማይመስል ነገር ለማማም ነግሬያቸው ነበር። ያኔ ግን አንድም ቃል አልተከራከሩኝም።

ይህን ለይማም አልረሳለትም። በቃል ይቅር ብዬዋለሁ።

ነገ የምለውን ወስኛለሁ። የራሴን እጨርሳለሁ። እናት ማንሻውን አልለቅ ብላ፣ መርከበኞቹ አብረዋት እየሳቡ፣ ልጇን ታወጣዋለች። ዓሣ ነባሪ የለም። ማማ ዓሣ ነባሪ አይቀበሉም።


እሑድ፣ የካቲት 9

እንደ ሆነው ልጻፈው።

ከአስር በኋላ መዳም ራሷ ደወለች። ይማም ሳልጠራው መጥቶ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሂድ አላልኩትም። መዳም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠጋችላቸው። መጀመሪያ የተሰማኝ ትንፋሻቸው ነው። ከዚያ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ዘይነብ፣ የት ደርሰን ነበር?»

ድምፃቸው አልቋል። ጥያቄያቸው ግን ያው የድሮው ነው። እናቱ ማንሻውን ይዛ እያለቀሰች ነበር አልኳቸው። «እሺ፣ ያዘችው። ከዚያስ?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። አልወጣም አለኝ። በሰው መጨረሻ ላይ ሌላ ውሸት መጨመር ከበደኝ። «ማማ፣ እናቱ አይደለችም» አልኩ። አለቃው ናት፣ የያዘችውም ልትቆርጠው ነው። ቋንቋውን አላውቀውም ነበር፣ ጽሑፉም አይደርስልኝም ነበር፣ ያ አዛዥም ዱዳ አልነበረም፣ አምስት ዓመት የነገርኩዎት ሁሉ ከተዋንያኑ ፊት እያየሁ የፈጠርኩት ነው። በአንድ ትንፋሽ አራገፍኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«ሰውየው ወጣ?»

ወጣ፣ በሕይወት ወጣ።

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ የቆረጠችው ሴትዮ ለምን እንዳለቀሰች ጠየቁኝ። ገመዱን ቆርጣ ሳለ እየሳብንህ ነው እያለች እንደምትዋሸው፣ እሱም እያመናት አይዞሽ እንደሚላት ነገርኳቸው። አበራ የማይመስል ነው እንደሚልም ጨመርኩ።

«ይመስላል» አሉ። «እኔም እንደሷ ነኝ፣ ዘይነብ።»

የሚቀጥለውን በአንድ ጊዜ አልተናገሩትም። እያረፉ ነው። እማዬ ባረፈችበት ዕለት ይማም ሰው አስተርጉሞ ለመዳም ደውሎ ነበር። አገሯ እስክትገባ እንዳትነግሯት ብሎ በአላህ ስም አስያዛቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም፣ ሐራም ነው ብዬ ከልጄ ጋር ተጣላሁ አሉ። ልነግርሽ ጠራሁሽ። አንቺ መጥተሽ የዚያን የሌባውን ፊልም ጀመርሽልኝ፣ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ዛሬን ትሳቅ አልኩ። በማግሥቱም ፊልም አምጪ አልኩሽ፣ ዛሬንም ትሳቅ ብዬ። በሦስተኛውም። «አራት ወር ሆነ። አፉ በይኝ።»

እሳቸው በአረብኛ ነው ያሉት፣ ቃሉ ግን ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ቀና ብዬ ይማምን አየሁት። አረብኛ አይችልም። ግን ሁሉም ገብቶታል፣ መሬት መሬት ያያል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እንግዲህ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥሎ የመጣው ከንዴት የባሰ ነው። እማዬ አፈር በለበሰችበት ቀን እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። አውቄው እንዴት እንደምኖር እንጃ። ደግሞም ሳስበው፣ ያን ሳቅ ማንም በነጻ አልሰጠኝም። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መርዶዬን ለብቻዋ ተሸክማ፣ ዱዳ አዛዥ በጨለማ በምን ያዛል እያለች ትከራከረኝ ነበር።

አፉ ብያለሁ አልኳቸው። አፌ ብሏል። ልቤ መንገድ ላይ ነው መሰለኝ፣ ለይማምም ሳይቀር።

አልቅሼ ስጨርስ ማማ አልተኙም ነበር። እናትሽ እንዴት ያለች ሴት ነበረች ብለው ጠየቁኝ። አምስት ዓመት አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ መጠየቅ ፈሩ። ልጀምር ስል መዳም ስልኩን ወሰደች፣ ደክሟታል፣ ነገ በዚሁ ሰዓት ደውይ፣ ሁለት ማንኪያ ሾርባ እጠጣለሁ ብላለች አለች።

ይማም ሳይናገር ሱቁን ጠረገልኝ። በሕይወቱ መጥረጊያ ሲይዝ ያየሁት ዛሬ ነው።

ነገ ፊልም አላስጭንም። ስለ እማዬ ነው የምነግራቸው። አላህ እስከ ነገ ያቆይልኝ።